ምጽዋና ከበስተኋላዋ ያለው ደጋ፦ የአንድ ወደብና የጎረቤቱ ምድር የኢኮኖሚ ትስስር

ምጽዋ ከቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ተጠግታ የምትገኝ፥ ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ትንሽ ደሴት ናት። የምንጭ ውሃ አይፈልቅባትም፤ እህል አይዘራባትም፤ ለማገዶ የሚበቃ ዛፍም አይበቅልባትም። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሙቀቷ ከደጋ ለወረደው ነጋዴ ቀርቶ በዚያው ተወልዶ ላደገውም የሚከብድ ነው። ይሁን እንጂ ይህችን ራቁት ደሴት ከ1557 እስከ 1941 ድረስ የቱርክ፥ የግብፅና የኢጣልያ መንግሥታት በየተራ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተክለውባታል፤ የኢትዮጵያ ነገሥታትም በዚሁ ዘመን ሁሉ ዓይናቸውን ከእርሷ አላነሡም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱን ተፈላጊ ያደረጋት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥልቀት ያለውና ከነፋስ የተጠለለ ወደቧ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን ከበስተኋላዋ ያለው ምድር ነው። መርከብ ወደ ምጽዋ የሚመጣው ለምጽዋ ብሎ ሳይሆን ከሐማሴን፥ ከትግሬ፥ ከጎንደርና ከዚያም አልፎ ከጎጃምና ከእናርያ የሚወርደውን ዕቃ ፈልጎ ነው። የደጋው ነጋዴም ሐሩሩን ታግሦ የሚወርደው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን ዕቃ ሽቶ ነው። ስለዚህ የምጽዋ ታሪክ በአገረ ገዦቿ ስም ዝርዝር ብቻ ሊነገር አይችልም፤ የወደቡና የየብሱ መተሳሰር በምን ላይ እንደ ቆመ፥ ይህም ትስስር ሲቋረጥ ማን እንደ ተጎዳ መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ መታወስ ያለበት፥ የጠረፉና የደጋው መተሳሰር ከነጋዴውም ከቀረጥ ሰብሳቢውም የቀደመ መሆኑ ነው። በደጋው ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፥ በጠረፉና በምሥራቃዊው ተዳፋት ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዱ ምድር ሲደርቅ ሌላው ይለመልማል። የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ገበሬ የደጋውን መኸር ከሰበሰበ በኋላ ከብቱን እየነዳ ወደ ተዳፋቱ ይወርድና በዚያ ሣር ያገኛል፤ ሁለተኛ አዝመራም ይዘራል። ጠረፉ በሐሩር ሲቃጠል ደግሞ ሳሆዎች መንጎቻቸውን ይዘው ወደ ደጋው ይወጣሉ። ይህ በየዓመቱ የሚደረግ መውጣትና መውረድ በሃይማኖትና በቋንቋ የተለያዩትን ሕዝቦች በግጦሽ ስምምነት፥ በእርቅና በዋስትና አስተሳስሯቸው ኖሯል። የሲራራ ነጋዴው የሄደበትም ጎዳና የመንጋው ጎዳና ነበረ።

ደሴቲቱ በበኩሏ የዕለት ኑሮዋን እንኳ ከየብሱ ነበር የምታገኘው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ቢኖሯትም አይበቋትም ነበርና፥ የሚጠጣው ውሃ ከሕርጊጎና ከእምኩሉ ይመጣላት ነበር። ወተቱንና ቅቤውን፥ ሥጋውንና ማገዶውን የሚያቀርቡላት የሰምሃር አርቢዎች ነበሩ፤ እህሉ ከደጋ ይወርዳል፤ ደጋው ሲዘጋ ከዓረብና ከህንድ በመርከብ ይመጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት የምጽዋ ባለጠጎች ራሳቸው ሥራቸውን በደሴቲቱ እየሠሩ መኖሪያቸውን በየብስ፥ በሕጡምሎና በእምኩሉ ማድረግን ይመርጡ ነበር። እንግዲህ ደሴቲቱ የሱቅ፥ የመጋዘንና የቀረጥ ቤት ስፍራ ስትሆን፥ ሕይወቷ በየብስ ነበረ ማለት ይቻላል።

ከደጋው የሚወርደው የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅ፥ ዝባድ፥ ሰም፥ ማር፥ ቅቤ፥ ቡና፥ ቆዳና በቅሎ ነበር። ከዚህም ጋር፥ ሊሸፈን የማይገባው ነገር፥ ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ባሮች በዚህ ወደብ ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ከባሕር የሚመጣው ደግሞ የህንድ ጥጥና ጨርቅ፥ የሐር ክር፥ ከፋይ፥ ምንጣፍ፥ ዶቃ፥ መስተዋት፥ ቁንዶ በርበሬ፥ መዳብ፥ የሰይፍ ስለትና ጠመንጃ ነበር። የዚህ ንግድ ዋና ማረፊያ ዐድዋ ነበረች፤ ከዚያም ጎዳናው ተከዜን ተሻግሮ ወደ ጎንደር ያመራል። በክረምት ተከዜ ስለሚሞላ ቅፍለቱ ይቆማል፤ ስለዚህ የወደቡ ገበያ መድመቅና መቀዝቀዝ የሚወሰነው በነፋሱ ብቻ ሳይሆን በደጋው ዝናብም ነበረ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱ ስፍራ ነበረው። ከደጋው ዕቃውን ይዞ የሚወርደው በአብዛኛው ጀበርቲው ነጋዴ ነበር። በታራንታ አቀበት በኩል የሚያሳልፉትና ጭነቱን የሚጠብቁት፥ ስለዚህም ዋጋ የሚቀበሉት ሳሆዎች ነበሩ። በወደቡ ነጋዴውን በቤቱ የሚያሳርፍ፥ ስለ እርሱ የሚዋዋልና ዋስ የሚሆን ደላላ ነበር። ከህንድ ጉጅራት የመጡት ባንያኖች ደግሞ ጨርቁን ያስመጣሉ፤ ገንዘብ ያበድራሉ፤ ከዳህላክ ደሴቶች የሚወጣውን ሉልም ይገዛሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሥራቸውን ሊሠሩ አይችሉም ነበር። በደጋው በየበሩ የተተከለው ኬላ የመኳንንቱ ገቢ ስለ ነበረ፥ የነጋዴው መምጣት ለገዡም ጉዳይ ነበር።

ወደቡን ከየብሱ ነጥሎ ለመያዝ ወይም ከወደቡ ተነሥቶ የብሱን ለመግዛት የመጀመሪያውን ታላቅ ሙከራ ያደረጉት ቱርኮች ናቸው። ኦዝደሚር ፓሻ በ1557 ምጽዋን ከያዘ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ደጋው ወጥቶ እስከ ድባርዋ ደረሰ። ነገር ግን በደጋው ሊጸና አልቻለም። ባሕረ ነጋሽ ይስሐቅ አንድ ጊዜ ከቱርኮች ጋር ሲዋጋ፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ከእነርሱ ጋር ሲተባበር ኖሮ፥ በ1579 ገደማ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እርሱንም ረዳቶቹንም ድል አደረጉ። በ1589 ንጉሡ እስከ ሕርጊጎ ድረስ ወረዱ፤ ቱርኮችም በወደቡ ተወስነው ቀሩ። ከሁለቱም ወገን የታየው ነገር አንድ ነው። ባሕሩን የያዘው ደጋውን ሊያጸና አልቻለም፤ ደጋውን የያዘውም መርከብ ስለሌለው ደሴቲቱን ሊይዝ አልቻለም።

ከዚህ መፋጠጥ የተወለደው የሕርጊጎ ናይብ ሥልጣን ነው። ቱርኮች ለሩቅ ወደብ ብዙ ወታደር ማኖር ስለ ከበዳቸው፥ ከበለው ወገን የሆኑትን የአገሩን መሳፍንት በስማቸው እንዲያስተዳድሩ አደረጉ። ናይቡ ሥልጣኑን በስም ከቱርክ ይቀበላል፤ ነገር ግን ውሃውና እህሉ በየብሱ እጅ ስለ ሆነ የደጋውን ገዥ ሳያስደስት አንድ ዓመት እንኳ ሊያድር አይችልም። በ1769 በምጽዋ የወረደው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ናይቡ ከደጋው ስንቅ እንዳይቋረጥበት ሲል ከቀረጡ እኩሌታውን ለሐበሻው ወገን ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ይህ ውል የትስስሩን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። ቀረጡ የሚሰበሰበው በወደቡ ቢሆንም፥ እንዲሰበሰብ የሚያደርገው የደጋው ፈቃድ ነበርና ገቢው ለሁለት ተከፈለ።

ይሁን እንጂ ክብደቱ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል በጎንደር ቤተ መንግሥት ላይ የበላይ ሊሆኑ የቻሉት፥ ከሌሎቹ መሳፍንት ይልቅ ብዙ ጠመንጃ ስለ ነበራቸው ነው፤ ያም ጠመንጃ የመጣው በምጽዋ በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ከእስክንድርያ የሚላክላትን ጳጳስ ብዙ ጊዜ የምትቀበለው በዚሁ በር ስለ ነበረ፥ የናይቡ በጎ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ ደጋው ወደቡን በውሃና በእህል ሲያስፈራራ፥ ወደቡም ደጋውን በመሣሪያና በመተላለፊያ ያስፈራራ ነበር። ማስፈራራቱ ብዙ ጊዜ ወደ ፍጹም መዝጋት ያልደረሰው ሁለቱም ወገኖች ጉዳቱ ወደ ራሳቸው እንደሚመለስ ስለሚያውቁ ነው።

ይህ የቆየ ሚዛን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተናጋ። በ1865 የቱርክ ሱልጣን ምጽዋን ለግብፁ ኸዲቭ ለእስማኤል ሰጠ። በ1871 የምጽዋ ገዥ የሆነው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ደሴቲቱን ከጥዋለትና ከየብሱ ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ መሻገሪያ እንዲሠራ፥ ውሃም ከእምኩሉ በቦይ እንዲመጣ አደረገ። ይህ ሥራ ለከተማይቱ ታላቅ ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን የወደቡ ገዥ ከእንግዲህ በየብሱ በጎ ፈቃድ ለመኖር እንዳልፈለገም ያመለክታል። በእርግጥም ሙንዚንገር በ1872 ከረንን ያዘ፤ ግብፆች ከዚያ አልፈው ደጋውን ለመያዝ ሲነሡ በኅዳር 1875 በጉንደት፥ በመጋቢት 1876 በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ሠራዊት ድል ሆኑ። ኦዝደሚር ፓሻ የተማረውን ትምህርት እስማኤልም በብዙ ደም ተማረው።

ዐፄ ዮሐንስ ግን ድል ካደረጉም በኋላ የባሕር በር አላገኙም። ከብዙ ዓመት ድርድር በኋላ ሰኔ 3 ቀን 1884 በዐድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌትና ከግብፅ ጋር በተፈረመው ውል፥ የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፥ ማናቸውም ዕቃ፥ መሣሪያም ጭምር፥ በምጽዋ በኩል በነጻ እንዲተላለፍ ተደነገገ። ይህ ውል ወደቡ በሌላ እጅ እያለ የየብሱ ጥቅም በሕግ እንዲጠበቅ የተደረገበት ነው። ሆኖም ከስምንት ወር ያህል በኋላ፥ የካቲት 5 ቀን 1885፥ ኢጣልያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች፤ የነጻ መተላለፉም ቃል ፈረሰ።

በዚያን ጊዜ በአሥመራ ተቀምጠው መረብ ምላሽን የሚገዙት ራስ አሉላ ነበሩ። የራስ አሉላ ገቢ በአብዛኛው ወደ ምጽዋ ከሚወርደውና ከምጽዋ ከሚወጣው ንግድ የሚገኝ ቀረጥ ስለ ነበረ፥ ኢጣልያኖች ከደሴቲቱ ወጥተው ሰሐጢን ሲይዙ ነገሩ የድንበር ጉዳይ ብቻ አልሆነም፤ የጎዳናው ጉዳይ ሆነ። ጥር 26 ቀን 1887 በዶጋሊ 500 ያህል የኢጣልያ ወታደሮች በራስ አሉላ ጦር ተደመሰሱ። ከዚያ በኋላ ራስ አሉላ ቅፍለት ወደ ምጽዋ እንዳይወርድ ከለከሉ፤ ኢጣልያም በበኩሏ ጠረፉን በመርከብ ከበበች። ለብዙ ዘመን ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖ የኖረው መዝጋት አሁን ከሁለቱም ወገን በተግባር ተፈጸመ። የወደቡ ነጋዴ ዕቃው በመጋዘን ቀረበት፤ የሰምሃር አርቢ ግመሉ ሥራ ፈታ፤ የደጋው ገዥም የኬላው ገቢ ነጠፈበት።

የብሱና ወደቡ መተሳሰራቸው በጥቅም ብቻ ሳይሆን በመከራም እንደ ሆነ ያሳየው ወዲያው የተከተለው ዘመን ነው። በ1887 እና በ1888 መካከል ለኢጣልያ ጦር ስንቅ ከህንድ በመጡ ከብቶች ምክንያት እንደ ገባ የሚታመነው የከብት ወረርሽኝ፥ ከምጽዋ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ሁሉ ተዛመተ። በብዙ ቦታ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ በዚህ ላይ ድርቅ፥ አንበጣና ሌላም በሽታ ተጨመረ፤ እስከ 1892 ድረስ የቆየው ክፉ ቀን መጣ። ያን ጊዜ የደጋው ረኃብተኛ እህል በመርከብ ይመጣባታል ወደ ተባለችው ምጽዋ እየወረደ በመንገድና በከተማይቱ ዳር ወደቀ። በ1891 ምጽዋን የጎበኘው፥ በኋላም የቅኝ ግዛቱ ገዥ የሆነው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ያየውን ሥቃይ በመጽሐፉ ጽፏል። በዘመናት የንግድ ዕቃ ያመላለሰው ጎዳና በሽታውን ወደ ላይ፥ የተራበውን ሰው ወደ ታች አመላለሰ።

ኢጣልያ ወደ ደጋው ለመውጣት የቻለችው በዚህ የድካም ጊዜ ነው። በነሐሴ 1889 አሥመራ ተያዘች፤ በጥር 1890 ኤርትራ የሚባለው ቅኝ ግዛት ታወጀ። ወደቡንና የአቅራቢያውን ደጋ በአንድ እጅ በመያዝ ኢጣልያ ቱርክና ግብፅ ያልተሳካላቸውን ፈጸመች። ነገር ግን ትስስሩን በትእዛዝ ለመለወጥ ያደረገችው ሙከራ ሁሉ አልሰመረላትም። በፍራንኬቲ መሪነት የኢጣልያን ገበሬዎችን በደጋው ለማስፈር የአገሬው መሬት በተነጠቀ ጊዜ፥ በታኅሣሥ 1894 ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ ተነሡ። እርሳቸው በሐላይ ቢገደሉም፥ የሰፈራው ዕቅድ ከዚያ በኋላ አልተሳካም።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የገንዘቡ ነገር ነው። የምጽዋና የደጋው ንግድ የሚካሄደው 1780 የሚል ዓመት በተቀረጸበት በማሪያ ትሬዛ ብር ነበር። ነጋዴው የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ነጥብ ሳይቀር አይቶ ካላረጋገጠ አይቀበለውም ነበር። ኢጣልያ ከ1890 ጀምሮ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ የራሷን ብር አስመትታ በኤርትራ አወጣች። የብሩ ጥራት ከማሪያ ትሬዛው ያነሰ ከመሆኑም በላይ፥ የደጋው ገበያ መልኩን ስላላወቀው አልወሰደውም። በ1918 መልኩ ማሪያ ትሬዛን የሚመስል ሌላ ብር ብታስመታም እርሱም አልጸናም። በመጨረሻ በ1935 ለጦርነቱ በተሰናዳች ጊዜ ኢጣልያ ራሷ የማሪያ ትሬዛን ማተሚያ ከኦስትርያ ወስዳ ያንኑ የቆየውን ብር በሮም አስመታች። ወደብ የያዘ መንግሥት ቀረጡን ሊወስን ይችላል፤ የየብሱ ሕዝብ የሚያምነውን ገንዘብ ሊወስን ግን አልቻለም።

ከባቡር ሐዲድ መሠራት በኋላ ትስስሩ አዲስ መልክ ያዘ። በ1888 ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ የተዘረጋው 27 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለጦር ሠራዊት የታሰበ ነበር፤ በ1911 ግን 118 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወዳለችው አሥመራ ደረሰ። ቀድሞ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ የነበረችው ምጽዋ ይህን ክብሯን ለአሥመራ ከለቀቀች ቆይታ ነበር። ቆዳው፥ ከባርካ የሚመጣው የዱም ፍሬና ሌላውም ዕቃ በባቡር ይወርድ ጀመር። በዚህም የግመል ባለቤቱና መንገድ መሪው ገቢ ሲቀንስ የወደቡ ቀን ሠራተኛ ቁጥር ጨመረ፤ የሰምሃር ሰው ከመንጋው ተለይቶ በወደቡ ሥራ መኖርን ለመደ።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ያልመለሰው አንድ ነገር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሌላ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሸዋ፥ የሐረርና የደቡቡ ንግድ ወደዚያ ስላመራ፥ ለምጽዋ የቀረላት የኤርትራ ደጋ፥ የትግሬና የሰሜን በጌምድር ንግድ ነበር። እንግዲህ ወደብ የብሱን ሊመርጥ ባይችልም፥ የብሱ ግን ጊዜ ሲያገኝ ሌላ ወደብ ሊመርጥ እንደሚችል ታየ። በነሐሴ 1921 የምድር መንቀጥቀጥ ከተማይቱን አፈራረሳት፤ እንደገና ተሠራች። በ1935 ለወረራው የመጣው ሠራዊትና መሣሪያ ሲራገፍባት የደራችው ንግዷ በሰላሙ ጊዜ አይታ የማታውቀው ነበር። በ1937 ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የአየር ላይ የገመድ መንገድ እስከ አሥመራ ተዘርግቶላት ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለጦርነትና ለወረራ የተዘጋጀ ስለ ነበረ፥ ከጦርነቱ ጋር አለፈ። ሚያዝያ 8 ቀን 1941 እንግሊዞች ምጽዋን ያዙ፤ ኢጣልያኖች ያሰጠሟቸው መርከቦች ወደቡን ዘግተውት ተገኙ፤ የገመዱ መንገድም ኋላ ተነቅሎ ተወሰደ።

ከዚያ በኋላ የነበረው የፖለቲካ ክርክር ይህን የቆየ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ያነሣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቆራኝ ሲወስን፥ የኤርትራን ሕዝብ ፈቃድና ደኅንነት ከማስታወሱ ጋር ኢትዮጵያ የባሕር በር ማግኘት እንደሚያስፈልጋትም ጠቅሷል። ፌዴሬሽኑ በ1952 ተመሠርቶ በ1962 ፈረሰ፤ ከረዥም ጦርነት በኋላ ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ሆነች። ለአምስት ዓመት ያህል አሰብና ምጽዋ የኢትዮጵያን ንግድ ማስተናገዳቸውን ቀጠሉ። በግንቦት 1998 ጦርነት ሲጀመር ግን ጎዳናው ተቋረጠ፤ የኢትዮጵያ ንግድም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኢትዮጵያ ለአንድ ወደብ ብዙ ኪራይ የምትከፍል ሆነች፤ ወደቦቹም የኖሩበትን ጭነት አጡ። በራስ አሉላ ዘመን በጥቂት ወራት የታየው ነገር በዚህ ጊዜ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። የመጀመሪያው፥ የምጽዋና የደጋው ትስስር መንግሥታት የፈጠሩት ሳይሆን በዝናቡ፥ በግጦሹና በጎዳናው ላይ የቆመ፥ መንግሥታት መጥተው ያገኙት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ትስስሩ እኩልነት ማለት አለመሆኑ ነው፤ ሚዛኑ አንድ ጊዜ ውሃና እህል ወዳለው፥ ሌላ ጊዜ መርከብና ጠመንጃ ወዳለው ሲያዘነብል ኖሯል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሰላም የሆነውም፥ በናይቦች ዘመን እንደ ታየው፥ ገቢው ሲከፋፈል ነው። ሦስተኛው፥ በሩን የሚዘጉት ገዦች ሲሆኑ የመዘጋቱን ዋጋ የሚከፍሉት ግን ሌሎች መሆናቸው ነው። እነርሱም በተዳፋቱ የሚዘራው ገበሬ፥ በታራንታ ጭነት የሚያሳልፈው ሳሆ፥ ግመሉን የሚጭነው የሰምሃር ሰውና በወደቡ የሚሸከመው ቀን ሠራተኛ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ስም በውሎቹ ላይ አልተጻፈም፤ ውሎቹ ግን የጸኑት እነርሱ ጎዳናውን እስከ ሄዱበት ድረስ ብቻ ነው።